የሙሽራዋ ጋን

የወንድሜ ልጅ ቤዛ ባለፈው ጥር ተዳረች። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ወደ እኔ ብቅ አለችና ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ስልኳንም አወጣች። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የተከራዩትን አዳራሽ ዲኮር የሚሠራላቸው ልጅ የላከላትን ፎቶ ልታሳየኝ ነው። እሱ «ባህላዊ ኮርነር» ይለዋል አሉ። ከአዳራሹ ጥግ የተነጠፈ ሰሌን፣ እንዝርትና ደጋን፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ ክዳኑ የተጣመመ አገልግል፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ጋን ይታያል። ጋኑን ነጭ ቀለም ቀብተውት አፉ ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰክተውበታል። እኛ ወገባችን እስኪንቀጠቀጥ የተሸከምነው ዕቃ ሁሉ ዛሬ ፎቶ መነሻ ሆኗል። አልነገርኳትም እንጂ ሳቄ መጥቶ ነበር።

«አክስቴ፣ ጋኑ አንገቱ ባዶ ሆነብኝ» አለችኝ። «ያቺ ከሳጥንሽ ሥር የምታስቀምጫት ነጭ ሻሽ አለች አይደል? እሷን ብናስርበት እንዴት ያምር መሰለሽ።»

ሳቄ ጠፋ። ሻሿን መቼ እንዳየቻት እንጃ፤ ልጅ ሆና ሳጥኔን ስትበረብር ይሆናል። እፈልጋታለሁ ብዬ ሸኘኋት። ከሄደች በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ አወጣኋት። አራት ላይ ታጥፋ እንደተሰጠችኝ ናት፤ እጥፋቷን አንድም ቀን ፈትቼው አላውቅም። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አሸተትኳት። የሳጥን ሽታ እንጂ ሌላ ምንም የላትም፤ ሊኖራትም አይችልም። ያቺን ሻሽ ለምን እንደማስቀምጣት የጠየቀኝ ሰው የለም። ብጠየቅም እዋሻለሁ። በዚህ ነገር ላይ መዋሸት፣ ወይም ሳይዋሹ መዋሸት፣ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ለምጄዋለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ደብረ ታቦር አንዲት ሰርግ የምታሰማምር፣ ድግስ የምትሠራ ሴት ዘንድ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ካሮት በአበባ ቅርጽ መቁረጥ፣ ድንችና ቀይ ሥር ደርድሮ ሰሐን ላይ ልብ መሥራት፣ ፊኛና ባለቀለም ወረቀት ማንጠልጠል፣ መጋረጃ በአሚዶ አድርቆ ማቆም ተምሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ አለበል ሊያገባ ነው ሲባል፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ስማዳ ገባሁ። ከተማው ወገዳ ላይ ስወርድ አቧራው ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ተኝቷል፤ እኔ ግን ጥፍሬን ቀለም ተቀብቼ ነበርና እጄን ከነጠላዬ ውጭ አድርጌ ነው የሄድኩት። እንዲያዩልኝ ነው። አዩልኝም።

የኛ ቤት ከወገዳ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። አባቴ አራት ጥንድ በሬ የሚያሠማራ፣ ገብሱም ስንዴውም ባቄላውም የሚሞላለት ሰው ነበር። ወንድሜ የወደዳት ይታይሽ ግን የእትዬ ዘርፌ ልጅ ናት። እትዬ ዘርፌ ባሏ የሞተባት፣ ከወገዳ ዳር በሁለት ክፍል ቤት ለገበያተኛ ጠላ እየሸጠች አንዲት ልጇን ያሳደገች ሴት ነች። አባቴ «የጠላ ሻጭ አማች ልባል ነው» ብሎ አንድ ክረምት ሙሉ ከአለበል ጋር ተኳርፏል። የሚገርመው እሱ ራሱ ገበያ ሲወርድ ከእሷ ቤት ሌላ አይገባም ነበር። ጠላዋ የታወቀ ነው። ጠቆር ያለች፣ ስትወርድ ጉሮሮ የማትቧጥጥ፣ የብቅሉ ሽታ ከደጃፍ የሚቀበል። ሰው ጠላውን ይወዳል፣ ጠማቂዋን ይንቃል። ዛሬም ያው ነው።

በመጨረሻ አባቴ እሺ አለ። እናቴ ደግሞ እኔን ለብቻዬ ጠርታ፣ የነሱ ዳስ እንዳያሳፍረን ሄደሽ አንድ ነገር አድርጊ አለችኝ። ልጅቱን የሚድሩት እነሱ፣ ድግሱ የነሱ፣ ዳሱ የነሱ፤ እፍረቱ ግን ወደ እኛ የሚመጣ መስሎ ታያት። እኔም ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ፊኛዬን፣ ወረቀቴን፣ ከደብረ ታቦር ያመጣሁትን ካሮትና ቀይ ሥር ይዤ ወረድኩ።

እትዬ ዘርፌ እግሬን ልታጥበኝ ውኃ ይዛ ወጣች። ካልሲ ማድረጌን አይታ ሳቀችና ውኃውን ለአህያዋ ሰጠችው። ምን እንደማስብ ስነግራት ሁሉንም እሺ አለች። ድፎ ዳቦውን ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ አስጋግሬ አንዱን ባንዱ ላይ ደራርቤ፣ የተፈጨ ድንች ቀብቼ፣ የከተማ ኬክ አስመስለዋለሁ አልኳት። እሺ። የዳሱን ጣራ ከውስጥ በአንሶላ ሸፍኜ ፊኛ አንጠለጥላለሁ አልኳት። እሺ። ጎረቤቶቿ የኔን የካሮት አበባ እያነሡ ሲስቁ እሷ «ተዉ፣ ልጄን ልታስከብርልኝ ነው» ትላቸው ነበር። ከልቧ ነበር የምትለው። አሁን ሳስበው በዚያ ሰርግ ላይ እንደሷ ደስ ያለው ሰው አልነበረም፤ ለሰባት ሳምንት ብቅል ስታበቅል፣ ጌሾ ስትወቅጥ የከረመች ሴት ነች።

የሥራዬ ሁሉ ራስ ይሆናል ያልኩት ግን ጋኖቹ ናቸው። ከክብር ቦታው ጎን፣ የኛ ሽማግሌዎችና ሚዜዎች ከሚቀመጡበት አጠገብ፣ ሁለት ጋን ላቆም አሰብኩ። አንዱ ሙሽራው፣ አንዱ ሙሽራዋ። ሙሽራው ጋን ጥቁር ኮት ለብሶ በወረቀት ከረባት ይታሰራል፤ ብርዝ ይሞላበታል። ሙሽራዋ ጋን ከአፏ እስከ ትከሻዋ በነጭ ሻሽ ቬል ትሸፈናለች፤ ምርጡ ጠላ እሷ ውስጥ ሆኖ ከሷ የሚቀዳው ለኛ ሰዎች ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደብረ ታቦርም አልታየም። የራሴ ፈጠራ ነው። ተመልሼ ለአሠሪዬ ስነግራት የምትለውን ሁሉ በልቤ ሰምቼው ጨርሻለሁ።

ችግሩ ሻሽ ዝም ብሎ አይቆምም፤ ይተኛል። አሚዶ አላመጣሁም፣ ወገዳም ገበያ አልተገኘም። እትዬ ዘርፌ ለሰርጉ ነጠላዎቹን ልታጥብበት የወቀጠችው እንዶድ ነበራት። እሱን በትንሽ ውኃ እንደ ሊጥ አወፍሬ ሻሹን ዘፈዘፍኩበት፤ ሳላለቀልቅ አጥሩ ላይ አሰጣሁት። በነጋታው ወረቀት መስሎ ደርቋል። እጥፉን ያዝ ሳደርገው እንዳደረግኩት ይቀራል። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ በሥራዬ አግኝቼ አላውቅም።

እትዬ ዘርፌ ስታልፍ ዳሰሰችው።

«ልጄ፣ ሳታለቀልቂው?»

ካለቀለቅኩት ይተኛብኛል አልኳት።

«ለዓይን ከሆነ ይሁን» አለች። «ጠላውን እንዳይነካው ብቻ።»

ማን ያስነካዋል፣ ጌጥ እኮ ነው አልኳት። ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው ያልኳት። እንዶድ ሆድ እንደሚያጠብ እኔም አውቃለሁ፤ እዚያ አገር የማያውቅ ሴት የለም። ወንዝ ላይ ስናጥብ አረፋው የነካው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ እያየን ነው ያደግነው። የጠላ ሻጭ እኔን ልታስተምረኝ መቃጣቷ ነው ያናደደኝ።

ሰርጉ እሑድ ነበር። የኛ ሰዎች እየዘፈኑ፣ አቧራ እያስነሡ ገቡ። ዳሱ ውስጥ ሲገቡ ቀና ብለው ፊኛውን አዩ። አጎቴ ቄስ ምናሉ ሦስት ፎቅ ዳቦዬን ዞር ብለው ተመልክተው፣ ይህ የሚቆረሰው ከላይ ነው ከታች ብለው ጠየቁኝ። የካሮት አበባዬን አንድ ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ዶሮው፣ ቅቅሉ፣ ጥሬ ሥጋው መጣ፤ እሱን ማንም አያስተምራቸውም። ሁለቱን ጋኖች ሲያዩ ግን ሚዜዎቹ በሳቅ ሞቱ። ሙሽራውን ጋን እጅ የነሡትም ነበሩ። አባቴ ሳይቀር ፈገግ ብሎ፣ ይህን ማን ሠራው ሲል ሰማሁት። ልጅህ ናት አሉት።

የመጀመሪያው ጠላ ቬሉ ሳይታሰር በፊት የተሞላ ስለሆነ ደህና ነበር። የምቀዳውም ከቬሉ ጎን ከፍቼ በተውኳት ቀዳዳ ነው። ችግሩ፣ ያ ጠላ አለቀ። አሳላፊዎቹ ከጓዳ በእንስራ ተሸክመው መጡና ቬሉን ሊፈቱት እጃቸውን ሰደዱ። ያንን ቋጠሮ ለማሰር ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል። ፎቶ አንሺው ደግሞ ገና አልመጣም። ሮጬ ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ።

«ሙሽራ ቬሏን ቤቷ ሳትገባ አታወልቅም» አልኳቸው። «በላዩ ላይ አፍስሱት፤ ሻሽ አይደለም እንዴ፣ ያጠልለዋል።»

አፈሰሱት። ሦስት እንስራ በዚያ ሻሽ ላይ ወረደ። ምን እንዳደረግኩ በዚያች ሰዓት ትዝ ብሎኝ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስንት ጊዜ ጠይቄያለሁ። አላለኝም። ቋጠሮው እንዳይበላሽ ብቻ ነበር የማየው። ይህችን ብቻ ለራሴ እፈርዳለሁ፤ ከዚህ በኋላ ላለው የምፈርደው የለኝም።

ከዚያ የተቀዳው ጠላ አረፋ ያዘ። ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ከብርጭቆው አፍ ከፍ ብሎ የሚቆም አረፋ። አንዱ ሚዜ ደብረ ታቦር ድራፍት ጠጥቶ ያውቃልና፣ ድራፍት ሆነ እኮ ብሎ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሁሉም ያን አረፋ ያለውን ቅዱልን አለ። አባቴ ሁለቴ አስደገመ። ጌሾው በርትቷል እንጂ የሴትዮዋ እጅ የታወቀ ነው አለ፤ ስለ እትዬ ዘርፌ በሰው ፊት ደግ ቃል ሲናገር የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ነበር። እሷ ጓዳ ውስጥ ወጥ ስታወጣ አልሰማችም። የራሷ ዘመዶች ከጓዳው ጋን በጣሳ እየቀዱ ጠጡ። እኔ ምንም አልጠጣሁም፤ ጥርሴ እንዳይጠቁር ነው።

ሙሽራዋን በበቅሎ አስቀምጠን ከወጣን አንድ ሰዓት ሳይሞላ መንገድ ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ አንዱ ሚዜ ቀረት አለ፣ ተሳቀበት። ቀጥሎ ሁለት ሆኑ። ጥቂት ቆይቶ የታጨደው የገብስ ማሳ ወገቡን በያዘ ሰው ተሞላ። ዘፈኑ አንድ በአንድ እየጎደለ ጠፋ። ይታይሽ ካባዋን ተከናንባ በቅሎው ላይ፣ የጠራራ ፀሐይ እላይዋ ላይ፣ ማንም ምን እንደሆነ ሳይነግራት ቆመች። አጎቴ ቄስ ምናሉ ከድንጋይ ካብ ሥር ተቀምጠው ሲያስታውኩ ጥምጥማቸው ወደቀ፤ ያነሣላቸው ሰው አልነበረም፣ ሁሉም የራሱን ይዟል። አባቴ ገርጥቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ወደ በቅሎዋ መጣ። ይታይሽን ቀና ብሎ አየና «እናትሽ ፈጀችን» አላት።

የታመሙት የኛ ሰዎች ብቻ ናቸው። ከነሱ ወገን አንድም ሰው አልታመመም። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ልጇን ባሏ እንዲወድላት መድኃኒት አድርጋ ነው ያሉ ነበሩ፣ በንቀታችን ልትበቀለን ነው ያሉም ነበሩ። እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ አረፋው በዓይኔ ላይ መጣብኝ። ያን ጊዜ አወቅኩት። ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ እንዶድ የምትል ቃል። አባቴን አየሁት፣ ጥፍሬን አየሁት፣ ዝም አልኩ።

ማንም አልሞተም። ቄስ ምናሉ አራት ቀን ተኝተው ተነሡ፤ ሌሎቹ በማግስቱ ጠላ ፍለጋ ወጥተዋል። የሆነው ይኸው ብቻ ነው። ግን በነጋታው ሽማግሌ ተቀመጠና እትዬ ዘርፌ ተጠራች። በእግሯ መጣች፤ የሰርጉን ቀሚስ አላወለቀችም። ሴቶቹ ከጎታው ጥግ ተደርድረናል፤ ይታይሽ ከጫጉላው በር ላይ ታየናለች። እትዬ ዘርፌ ጠላዬ ከአንድ ጥንስስ የወጣ ነው፣ የኔም ሰዎች ጠጥተውታል አለች። አባቴ ለኛ ለይታ ያቆመችው ጋን ነበር አለ። ያ እውነት ነው፤ ለይቼ ያቆምኩት ግን እኔ ነኝ።

እሷ ዞር ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ትጠብቀኝ ነበር። ሻሹን አይታዋለች ማለት ነው። እኛ ከወጣን በኋላ ጋኑን ስታነሣ እርጥብ ሻሽ አግኝታለች፣ በእጇ ጨምቃ አረፋውን አይታለች። ሁሉን ታውቅ ነበር፤ እኔ እንድናገረው ነው የጠበቀችው።

አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው፣ ትርንጎ፣ ሦስት ቀን እዚያ ቤት ከርመሻል፣ ያየሽው ነገር ካለ ተናገሪ አሉኝ።

«ጋኑን በቅጠል ስታሽ አይቻለሁ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ጠላ የሚጠምቅ ሰው ሁሉ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ያሻል። እናቴ ታሻለች፣ እኔ አሽቻለሁ፣ ከጎታው ጥግ የተደረደሩት ሴቶች በሙሉ በዚያው ሳምንት ሲያሹ ነው የከረሙት። ወንዶቹ ግን የሚያውቁት የተሞላ ጋን ነው። «ቅጠል» የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ተያዩ። ከሴቶቹ አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ የግራዋ ቅጠል እኮ ነው ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ማንም አላለችም። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

አባቴ ነገሩን ቆረጠው። ልትከራከር ከሆነ ልጇን በመጣችበት በቅሎ ትውሰድ። ከተወች ልጅቱ ትቀመጥ፤ እናቲቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ የዚህን ቤት ደፍ አትርገጥ፤ በአራስነትም፣ በክርስትናም፣ በሞትም። ባሏ ቤት አንድ ሌሊት አድራ የምትመለስ ልጅ ምን እንደምትባል እዚያ አገር ሁሉም ያውቃል። እትዬ ዘርፌ እኔ ላይ ጣቷን ብትቀስር፣ የባልን እኅት የከሰሰች አማች ሆና ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ይህን ለማሰብ ብዙ አልፈጀባትም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ይታይሽ አየች።

«ልጄ ከተቀመጠችልኝ እኔ እቀራለሁ» አለች።

በዚያው ሳምንት የወገዳ ጎረምሶች ዘፈን አወጡላት፤

የዘርፌን ጠላ ጠጥቼ፣
ሱሪዬን ጣልኩት ፈትቼ።

ግጥሙ ያስቅ ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ። ቤቷ የሚገባ ገበያተኛ ጠፋ። የራሷ ጎረቤቶች፣ ያን ቀን ከጓዳዋ ጋን እስኪጠግቡ የጠጡት፣ ልጅ በደጇ ሲያልፍ እጁን ይይዙ ጀመር። ጋኖቿን አንድ በአንድ ሸጠች። ከዚያ ጥጥ እየፈተለች ኖረች፤ ፈትል ማንም አይጠጣውምና።

በዓመቱ ይታይሽ ወለደች። የልጅቷ፣ የቤዛ፣ ክርስትና ቀን እኔም ከደብረ ታቦር መጥቼ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ዘርፌ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች ተባለ። ደፉን አልረገጠችም፤ ቃሏን ጠብቃ ከግራሩ ሥር ነው የቆመችው። እናቴ፣ ውጪና መልሻት፣ ከእጇ ምንም እንዳይገባ ብላ እኔን ላከችኝ።

ከስታለች። በትንሽ ቅል ቅቤ ይዛለች፤ ለአራሷ ነው። በሌላው እጇ ነጭ ነገር፣ አራት ላይ የታጠፈ። መጀመሪያ እሱን ሰጠችኝ።

«ይኼ ያንቺ ነው። በሰባት ውኃ አለቅልቄዋለሁ። አሁን ምንም የለበትም።»

ከአፏ የወጣ ክፉ ቃል ይህ ብቻ ነው። እንዲያውም ክፉ አልነበረም፤ ሻሹ ሰው እንዳይጎዳ ያለች መሰለኝ። መሬት ብትከፈት ደስ ባለኝ። የሚሰማኝ እፍረት መሆኑን አውቄ ነበር፣ አፌ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሆነ። ሌላው ሁሉ የሚንቃት ሳያውቅ ነው፤ እኔ አውቄ ነው፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ይቅርታ ከመለመን በጣም ይቀላል።

ቅሉን ዘረጋችልኝና ልጅቷ ማንን እንደምትመስል ጠየቀችኝ።

«እኛን» አልኳት።

ቅሉን ተቀብዬ፣ ገና ፊቷን ሳታዞር፣ ከአመድ መድፊያው ላይ ገለበጥኩት። ቅቤው ወርቃማ ነበር፣ ኮረሪማ ይሸታል። ውሻችን መጥቶ ላሰው፤ ምንም አልሆነም። እሷም አየችው። ከዚያ ባዶ ቅሏን ከመሬት አንሥታ በመጣችበት ሄደች። ወደ ቤት ስገባ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ፣ ምንም አላለችም አልኩ። ሻሹን ብብቴ ውስጥ አድርጌው ነበር።

እትዬ ዘርፌ ቤዛ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሞተች። ይታይሽ የሰማችው ከተቀበረች በኋላ ነው። አለቀሰች፤ ግን እንደ ሰው ደረቷን አልደቃችም። እሷም አምናዋለች። ይህን ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ልጇ አመነች። በዚያ በቅሎ ላይ ፀሐይ ሲመታት አባቴ የነገራት ነገር በውስጧ ቀረ፣ ከዚያ በኋላ የተለየ ነገር የነገራት የለም።

እንግዲህ ባለፈው ጥር፣ ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው፣ ይታይሽና እኔ ከቤዛ ጋር ምን እንደሚበላ ምን እንደሚጠጣ ልንወስን ተቀመጥን። ምግቡ በትሪ ተደርድሮ ሰው እየዞረ የሚያነሣው ነው፤ ዓሣ ጉላሽ፣ ሩዝ፣ የአትክልት ሰላጣ፣ አራት ፎቅ ኬክ፣ ከነ ክሬሙ። ቢራ፣ ለስላሳ፣ የታሸገ ውኃ። ቤዛ ዲኮሩ ባህላዊ ከሆነ ለስሙ ትንሽ ጠላ በዋንጫ ቢዞር ምን ይመስልሃል ብላ እጮኛዋን በስልክ ጠየቀችው። ይታይሽ ቀና አለች።

«በልጄ ሰርግ ጠላ አይገባም።»

ቤዛ ለምን ስትል፣ አይገባም ብያለሁ አለቻት። ልጅቷ ስልኳን ይዛ ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ተጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ ያደረገችውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ይኼም ውሸት አልነበረም። እናቷ ያደረገችውን በዚህ ዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይታይሽ እጄን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ፤ የቤቱን ነውር አብራት የተሸከመች እኅት አድርጋ ነው የምታየኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስትወደኝ ኖራለች። አሁን ይህን ሁሉ ጻፍኩት። ይታይሽ ፊደል አልቆጠረችም። ቤዛ ትችላለች፣ ግን የኔን ጽሑፍ የምታነብበት ጊዜ ያላት አይመስለኝም። እንዲህ እያልኩ ዛሬም ቀዳዳ እፈልጋለሁ፤ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ሻሹን ለቤዛ ሰጠኋት። እንዲያውም የሰርጉ ዕለት በጠዋት አዳራሹ ሄጄ፣ ዲኮር የሚሠራው ልጅ ማሰር ሲያቅተው ራሴ አሰርኩለት። ጣቶቼ ቋጠሮውን አልረሱትም። ልጁ ተገርሞ፣ እማማ ይህን የት ተማሩት አለኝ። ደብረ ታቦር አልኩት። እንግዳው ሁሉ ተራ በተራ እየቆመ ከጋኑ ጋር ፎቶ ተነሣ፤ ይታይሽም ሙሽራዋን አቅፋ ተነሣች፣ እኔንም ጠርተው መሀል አስገቡኝ። ፎቶው ስልኬ ላይ አለ። ሦስታችንም ስቀናል፣ ከኋላችን ጋኑ ቬሉን ለብሶ ቆሟል። ውስጡ ባዶ ስለነበረ ማንም አልታመመም።